ለወንድሜ የተሠራው ዳስ

እኔ ቁጡ ሴት ነኝ። ሸዋ ሮቢት ገበያ ገብቶ "ቁጡዋ ልብስ ሰፊ የት ናት?" ብሎ ለጠየቀ ሰው ሱቄን የማያሳይ የለም። ደንበኛ በቀጠሮው ቀን ሳይመጣ ሲቀር እቆጣለሁ፤ በቀጠሮው ቀን መጥቶ እኔ ሳልጨርስ ስቀርም እቆጣለሁ። እናቴ በሕይወት ሳለች "አፍሽ ከመርፌሽ ይፈጥናል" ትለኝ ነበር። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ብሶብኛል፤ ምክንያት አላጣሁማ።

ወንድሜ ከደብረ ሲና በላይ ባለው የተራራ ደን ውስጥ የዱር እንስሳት ጠባቂ ነበር። ታላቄ ስለሆነ "ጋሼ" ነው የምለው። ከወጣትነቱ ጀምሮ ያንን ደን በእግሩ ሲዞር ኖረ፤ እኔም ጉልበቱ ላይ የሚቀደደውን የካኪ ሱሪውን ስጥፍለት ኖርኩ። ከሁለት ዓመት በፊት በጥቅምት ወር አንድ ጉሬዛ ገደል አፍ ላይ በወጥመድ ተይዞ ሲጮህ ሰማ። ወጥመዱን የዘረጋው ሰው ቆዳውን ለምንጣፍ ፈልጎት ነው። አብሮት የነበረው ባልደረባው እንደነገረን ወንድሜ ገመድ ሳይጠብቅ ወረደ፤ ጉሬዛውንም ፈታው። ሲመለስ የረገጠው ድንጋይ ከዳው።

ከተማችን ይህንን ሁሉ በሦስት ቃል ጨረሰው፦ "ለጦጣ ብሎ ሞተ።" ለቅሶ ቤት ንፍሮ እየዘገኑ ሳይቀር እንዲህ ሲሉ ሰምቻለሁ። ጦጣ አይደለም! ጦጣ የወረዳችንን የቀወትን ገበሬ ማሽላ በእሸቱ የሚጨርስ ሌባ ነው። ጉሬዛ ግን ጥቁር ገላው ላይ ነጭ ጋቢ የደረበ፣ ዛፉ ላይ ቅጠሉን በልቶ የሚያድር፣ የሰው ማሳ የማይደርስ እንስሳ ነው። የደጋ ሽማግሌዎች መነኩሴ ይሉታል። ይህንን ለስንቱ አስረዳሁ! ኮት ሊለካ የመጣን ሰው ክንዱን እንደዘረጋ አቁሜ አስረድቻለሁ።

አንድ ነገር ግን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። አሁን የምጽፈው እሱን ነው።

በደኑ መሐል አንድ ገላጣ ቦታ አለ። ድሮ ከሰል አክሳዮች ጨፍጭፈው ያቃጠሉት ነው፤ ደኑን ለሁለት ከፍሎታል። ጉሬዛ ደግሞ መሬት መርገጥ አይወድም። ስለዚህ ከወዲህ ያሉት ከወዲህ፣ ከወዲያ ያሉት ከወዲያ ተወስነው ቀሩ። "ቤተሰብ ተለያየ" ይል ነበር ወንድሜ። "ከወዲህ ያሉት ጥቂት ናቸው። እርስ በርሳቸው ብቻ እየተዋለዱ እስከ መቼ ይቆያሉ?" እናም በየክረምቱ ከሁለቱም ጠርዝ ወደ መሐል አንድ አንድ ረድፍ ችግኝ መትከል ያዘ። ወይራ፣ ጽድ፣ ኮሶ። ለምን ሁሉንም ባንዴ አትተክለውም ስለው "ችግኝ ያለ ጥላ ይደርቃል፤ ታላቅየው ለታናሽየው መከለል አለበት" አለኝ። ችግኙን ራሱ ያፈላል፤ ውኃውን ከምንጭ በጀሪካን ይሸከማል። ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አላገዘውም። የየዓመቱን ረድፍ ለመለየት ከሱቄ ቁራጭ ጨርቅ እየወሰደ ግንዱ ላይ ላላ አድርጎ ያስራል። የአንዱ ዓመት ሰማያዊ የተማሪ ዩኒፎርም ነው፤ የአንዱ ዓመት የሰርግ ቀሚስ ትርፍራፊ ነው። ደን ገብቶ የእኔን የዓመት ሥራ ዛፍ ላይ ማየት ደስ ይለኝ ነበር።

እሱ በሕይወት ሳለ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ሱቄን ዘግቼ እወጣ ነበር። አሮጌ ሜትሬን፣ መጀመሪያው ላይ ያሉት ቁጥሮች በጣቴ ታሽተው የጠፉትን፣ ቦርሳዬ ውስጥ እይዛለሁ። እሱ ከወዲያ ካለው የመጨረሻ ረድፍ ቅርንጫፍ ጫፍ ሥር ይቆማል፤ እኔ ከወዲህ። ከዚያ ሜትሩን መሬት ላይ እየዘረጋን ክፍተቱን እንለካለን።

"ስንት ሆነ ጋሼ?" እለዋለሁ።

በመጀመሪያው ዓመት ሜትሬ ሃያ ሁለት ጊዜ ተዘረጋ። እየቆየ አሥራ አምስት ሆነ፣ አሥር ሆነ፣ አራት ሆነ። ቁጥሩን ሲነግረኝ ያ ሸበቶ ሰውዬ እንደ ልጅ ይዘል ነበር። ከዚያ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይለኛል።

"ለሰዎቹ ንገሪልኝ እንጂ። እኔን ዘበኛ ነው ብለው አይሰሙኝም፤ አንቺ አፍ አለሽ።"

"እሺ" እለዋለሁ።

አልተናገርኩም። ስለ ጉሬዛ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ይስቁብኛል፤ ጭራሽ ደግሞ "ወንድሟ ለጦጣ ድልድይ እየሠራ ነው" ሊሉኝ! የገበያው መሳቂያ መሆን አልፈለግሁም። ኩራት ይሉታል እንግዲህ፤ ዋጥኩት።

ከሞተ በኋላ የመጀመሪያውን ሙት ዓመት እዚያው ገላጣው ቦታ ላይ አደረግነው። ቀብሩ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እዚያ ግን ከመሥሪያ ቤቱ የመጡ ሰዎች ስሙ የተጻፈበት የመታሰቢያ ድንጋይ አቆሙለት። ሕዝቡ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ዋለ። የደጋ ፀሐይ ቀዝቃዛ መስላ ታታልልና ትጠብሳለች። የእናቴ ወዳጅ የነበሩ አንዲት አሮጊት ራሳቸውን ስተው ወደቁ። አፈርኩ፤ የሟች እህት እኔ ነኝና እንግዳው ሁሉ የእኔ ነው። ሰው ሲበተን ወደ ኋላ ቀረሁና የሜትሬን አንድ ጫፍ በድንጋይ ይዤ ብቻዬን ዘረጋሁት። አንድ ጊዜም አልሞላ። ከሜትሬ ስድስት ጣት ተረፈ።

ጫፉ ገና ለጋ ስለሆነ የዘለለ ጉሬዛ አይሸከምም፤ ለከርሞ ግን ይነካካል አልኩ። ለከርሞ ይሻገራሉ። ያን ቀን ተራራውን ስወርድ ሐዘን ላይ መሆኔን ረስቼ ፈገግ ብያለሁ።

ዘንድሮ ታዲያ ጥቅምት እስኪደርስ ቀኑን ስቆጥር ከረምኩ።

የዘንድሮው ንዴቴ የጀመረው ከሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል የተባለው ሚኒባስ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣ። ሲጠበቅ የነበረው ቲሸርት ነው። ከመካከላችን የተመረጠ ኮሚቴ የወንድሜን ፎቶግራፍ ቲሸርት ላይ አሳትሞ ለሁሉ አደለ። ስፌቱን አየሁት፤ አንገቱ ተጣሟል፣ ብብቱ ላይ ክሩ ተንጠልጥሏል። የገዛ እህቱ ልብስ ሰፊ ሆና! ከፎቶግራፉ ሥር ደግሞ በትልቁ "የዝንጀሮዎች አባት" ይላል።

"ይኸው!" አልኩ። "ጦጣ ሲሉ ቻልኩ፤ አሁን ደግሞ ዝንጀሮ መጣ!"

"ተያቸው በቃ፣ ሁሉም ዛፍ ላይ ይወጣል" አለችኝ ጎረቤቴ።

ጎረቤቴ ከሱቄ አጠገብ ማሾና ሽምብራ የምትሸጥ የይፋት ሙስሊም ናት። እኔ ስቆጣ እሷ ማሾዋን እየለቀመች ታዳምጠኛለች፤ ሲበቃኝ "ጨረስሽ?" ትለኛለች። ወንድሜን ትወደው ነበር። ከደጋ ሲወርድ የዱር ማር ያመጣላት ነበርና ስሙ በተነሣ ቁጥር "አላህ ይዘንለት" ትላለች። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ልሂድ ብላ ማሾዋን ለልጇ ትታ አብራኝ ወጣች።

"አንቺ እንኳ ዝንጀሮና ጉሬዛ ለይተሽ አታውቂም" አልኳት።

"ወላሂ አላውቅም" አለች። "አንዱ ቂጡ ቀይ እንደሆነ ብቻ ነው የማውቀው።"

ሳልወድ ሳቅሁ። መኪናው የቀወትን የማሽላ ማሳዎች ጥሎ ሽቅብ መጠምዘዝ ሲጀምር ሙቀቱ ከኋላችን ቀረ። ደብረ ሲና ስንደርስ ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ወረሩት፤ እኔ ጥርሴን ያንቀጫቀጨኝን ብርድ በነጠላዬ ተከላከልኩ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእግር መንገድ ነው። በእኔ እርምጃ ሦስት ሰዓት ያህል ያስኬዳል፤ ወንድሜ ግን ግማሽ ቀን የሚሆን ወሬ እያወራ በሁለት ሰዓት ይጨርሰው ነበር።

መንገዱ ላይም አላረፍኩም። ከፊት የሚሄዱት ወጣቶች ትልቅ የድምፅ ማጉያ ተሸክመው ዘፈን ከፍተዋል። የወንድሜን ፊት ደረታቸው ላይ ለጥፈው ውኃ የጠጡበትን ፕላስቲክ ቁጥቋጦ ውስጥ ይወረውራሉ። አንዱን አስቆምኩትና "ደረትህ ላይ ያለው ሰውዬ ቢያይህ ምን ይል ነበር?" አልኩት። ዝቅ ብሎ ቲሸርቱን አየና "ይቅርታ እትዬ" ብሎ አነሣው። ትንሽ ራቅ ሲል መልሶ ጣለው፤ አይቼዋለሁ። ጎረቤቴና እኔ እየለቀምን ወጣን። ጫካው አፍ ስንደርስ የእሷ ዘንቢል በሰው ቆሻሻ ሞልቶ ነበር።

"ሙት ዓመት ነው ወይስ የጽዳት ዘመቻ?" አለች እያለከለከች።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ቆይ ትንሽ ጠብቂ፣ ላይ ስንደርስ የማሳይሽ ነገር አለኝ፣ ወንድሜ አሥራ ሦስት ዓመት የደከመበት ነገር ዘንድሮ ሞልቷል ልላት ነበር። ከዚያ በዓይኗ እንድታየው ፈለግሁና ዘጋሁት። እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ሜትሬን ይዞ ነበር።

ገላጣው ቦታ ላይ ስንወጣ መጀመሪያ ያየሁት ዳስ ነው።

ትልቅ ዳስ። መቶ ሃምሳ ሰው ያስቀምጣል። ምሰሶዎቹ ቀጥ ያሉ፣ ቅርፊታቸው ገና እርጥብ ነው። ጣሪያው በለምለም ቅጠል ጥቅጥቅ ብሎ ተሸፍኗል፤ መሬቱ ላይም ቅጠል ተጎዝጉዟል። የተቆረጠ የጽድ ሽታ ከሩቅ ይቀበላል። ሰው ከውስጥ ተቀምጦ ዳቦ እየቆረሰ ነው።

"ማሻ አላህ!" አለች ጎረቤቴ። "ወንድምሽን አከበሩት።"

ቀጥሎ ያየሁት ሰማዩን ነው። አምና ቅርንጫፍ የነበረበት ቦታ ሁሉ ሰማይ ሆኗል። ከወዲህም ከወዲያም የመጨረሻዎቹ ረድፎች የሉም። ከመሬት ክንድ ከፍ ብለው የተቆረጡ ጉቶዎች ብቻ ቆመዋል፤ አፋቸው ነጭ ነው።

ወደ ዳሱ ሄድኩ። ከምሰሶዎቹ አንዱን ነካሁት፤ ወይራ ነው። ከደረቴ ትይዩ ቢጫ አበባ ያለበት ቁራጭ ጨርቅ ታስሮበታል። የጎረቤቴ ትልቋ ልጅ ስትዳር የሰፋሁት ቀሚስ ትርፍ ነው። ምሰሶውን ሲተክሉት ጨርቁን እንኳ አልፈቱትም።

የሆነ ሰው እንኳን ደህና መጣሽ ሲለኝ ዞር አልኩ። ሽማግሌው ናቸው።

እኚህ ሽማግሌ ደኑ ጠርዝ ላይ ነው ቤታቸው። በጎልማሳነታቸው ከሰል ያከስሉ ነበር፤ ወንድሜ ሁለት ጊዜ ይዞ ፍርድ ቤት አቁሟቸዋል። ከሁለተኛው እስር ሲፈቱ እሱ ራሱ ስንቅ ይዞ ሄዶ ተቀበላቸው፤ ከዚያ ወዲያ የማይለያዩ ወዳጆች ሆኑ። ሲሞት ከእኔ እኩል ያለቀሰ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው። አሁን ዱላቸውን ተደግፈው ፊታቸው በርቶ ቆመዋል።

"ይኸው ልጄ" አሉኝ ዳሱን በእጃቸው እያሳዩ። "ዘንድሮ ማንንም ፀሐይ አይመታው።"

"እንጨቱን ከየት ቆረጣችሁት?"

"ከዚሁ ነዋ። ከእሱው።"

"አንተ!" አልኳቸው።

በዕድሜዬ ሽማግሌ ሰው አንተ ብዬ አላውቅም። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አላቆምኩም።

"አንተ ከሰል አክሳይ! ድሮስ ከአንተ ምን ይጠበቃል! ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ አሉ፤ አንተ ደግሞ ከሟች ሰረቅህ! ሞተ ብለህ ነው አይደል? የሚያስርህ ሰው የለም ብለህ ነው አይደል?"

ሌላም ብያለሁ፤ መጻፍ ያሳፍረኛል። ከመሥሪያ ቤቱ የመጣው ሰውዬ በድምፅ ማጉያው "እህታችን ሐዘኑ በርትቶባት ነው፣ እናረጋጋት" አለ። "አንተ ደግሞ ዝጋ! ጉሬዛና ዝንጀሮ ሳትለይ ንግግር ልታደርግ ትመጣለህ!" አልኩት። ጎረቤቴ ክንዴን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ "አዑዙ ቢላህ! አባትሽ የሚሆኑ ሰው ናቸው እኮ!" ትለኛለች።

ሽማግሌው ቆባቸውን አወለቁ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"ስድቡን ልቀበል" አሉ። "ከሰልም አክስያለሁ፤ አልክድም። ግን ዞረሽ እይው። ከደኑ አንዲት ዝንጣፊ አልተነካችም። ጎረምሶቹ ከዚያ ካለው እንቁረጥ ቢሉ እኔ ነኝ ዱላ ይዤ የቆምኩባቸው። ወንድምሽ ምን ብሎ ነው ያስተማረኝ? 'የተከልከውን ቁረጥ፣ ያልተከልከውን አትንካ' ብሎ አይደለም? እዚህ ጫካ ውስጥ በእጁ የተከለው ይህንን ብቻ ነው።"

"ለዳስ ነው የተከለው?" አልኩ።

"ዳሱማ ከሟች እንጨት ነው የሚቆመው፣ ልጄ። እንዲያ አይደል ወጋችን? ጎረቤት ጉልበቱን ያመጣል፣ ቅል ሙሉ ጠላ ያመጣል፤ እንጨት ግን ከሟች ጓሮ ነው። በሰው እንጨት የቆመ ዳስ 'ይህ ሰው ምን ትቶ ሞተ?' ያስብላል። ወንድምሽ በሬ የለው፣ ላም የለው፣ ጥማድ መሬት የለው። ባዶውን ሄደ እንዲባል አልፈለግንም። ያለው ይኼ ነው፣ ባለው ይከበር አልን።" ቆባቸውን በእጃቸው አዟዟሩት። "ደግሞስ ዳስ ሥሩ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?"

አዎ፣ እኔ ነኝ። እሳቸው እስኪሉኝ ድረስ ረስቼው ነበር።

አምና፣ አሮጊቷ ከወደቁ በኋላ፣ እጃቸውን ይዤ "አባባ፣ ለከርሞ እባክዎ ዳስ ይሠራልኝ፤ የወንድሜ እንግዳ ፀሐይ ላይ አይዋል" ብያቸዋለሁ። እሳቸውም "እንጨቱስ ልጄ?" ብለው ጠይቀውኛል። ጠይቀውኛል! እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ ቶሎ ወርዶልኝ ብቻዬን ልለካ ቸኩዬ ስለነበር "እሱን አንቱ ያውቁበታል" ብዬ ሸኘኋቸው። ሜትሬ ያኔም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አውጥቼ አባባ ይህንን ጫፍ ይያዙልኝ ብላቸው ኖሮ ዛሬ እነዚያ ዛፎች በቆሙ።

"ለምን የተከለው መሰላችሁ?" አልኳቸው።

"ጡረታ ሲወጣ ቤት ሊሠራበት መስሎን ነበር" አሉ። "እሱ ምንም አላለንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ታዲያ ማን ነገረን?"

የነቀፌታ ነገር አልነበረበትም፤ የምር ነው የጠየቁኝ። ወንድሜ ደግሞ አንቺ አፍ አለሽ ብሎኝ ነበር። ለዝንጀሮው ተቆጣሁ፣ ለቲሸርቱ አንገት ተቆጣሁ፣ ለፕላስቲኩ ተቆጣሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ መናገር የነበረብኝን ነገር ግን ሊስቁብኝ ነው ብዬ ጎርሼው ተቀመጥኩ። እሳቸው ላይ የወረወርኩት ስድብ ሁሉ ተመልሶ እኔው ላይ አረፈ፤ እንዲያ ያለ ንዴት ከዚያ በፊት አልቀመስኩም። በሰው ላይ ሲቆጡ ይወጣል፤ ይኼኛው የሚወጣበት የለውም።

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። "ይቅር ይበሉኝ አባባ" አልኩ። "እግዜር ይቅር ይበለን" አሉ፤ ምን እንዳጠፉ ግን ገና አላወቁም ነበር።

ዳሱ ውስጥ አልገባሁም። ጸሎት ተደረገ፣ ንግግር ተደረገ። ሰውዬው ሁለት ጊዜ ዝንጀሮ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ወደ እኔ እያየ ጉሬዛ አለ። ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ በላ፣ ጠጣ፤ "ዘንድሮ እንዴት ያማረ ነው!" ተባባለ። እኔ ከአንዱ ጉቶ አጠገብ ፀሐዩ ላይ ተቀመጥኩ። ጎረቤቴ ከዳሱ ወጥታ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ አጠገቤ ተቀመጠች።

"አንቺ ግቢ እንጂ" አልኳት።

"ለምጄዋለሁ፤ ሸዋ ሮቢት ይብሳል" አለች። ከደብረ ሲና የገዛችውን ቆሎ እጄ ላይ አፈሰሰችልኝ። ጨረስሽ አላለችኝም።

ሕዝቡ ወርዶ፣ የድምፅ ማጉያው ከተዘጋ በኋላ፣ ሽማግሌው ዳሱን ለማፍረስ ገመዱን ሊፈቱ ጎረምሶቹን ሲጠሩ ከወዲህ ካለው ጫካ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። አራት ነበሩ። አንዷ ነጭ ግልገል አቅፋለች፤ ጉሬዛ ሲወለድ ነጭ ነው። ከመጨረሻው ከቀረው ኮሶ ላይ ደረሱና ተቀመጡ። ጭራቸው ቁልቁል ተንጠለጠለ። ትልቁ ቅርንጫፉ ጫፍ ድረስ መጣ፣ ወደ ወዲያ አየ፣ ወደ ዳሱ አየ፣ ጉቶዎቹን አየ። ረጅም ጊዜ ተቀመጠ። ከዚያ ዞሮ በመጣበት ተመለሰ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ሽማግሌው ገመዱን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። እሳቸው ሞኝ አይደሉም፤ ዕድሜያቸውን ከዚያ ደን ጋር ነው የኖሩት። ዓይናቸው ከኮሶው ወደ ጉቶዎቹ፣ ከጉቶዎቹ ወዲያ ማዶ ወዳለው ጫካ ሄደ፤ ተመልሶ እኔ ላይ አረፈ።

"ሊሻገር ነበር?" አሉኝ።

"አዎ።"

"ለዚህ ነበር የሚተክለው?"

"ለዚህ ነበር።"

ዱላቸውን መሬት ላይ አስቀመጡና ቁጭ አሉ። ጎረምሶቹ ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ አንዱ ውኃ አመጣላቸው። አልጠጡም። ሁለት እጃቸውን ገልብጠው መዳፋቸውን ሲያዩ አየኋቸው።

ሜትሬን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

"አባባ" አልኳቸው፣ "ይህንን ጫፍ ይያዙልኝ።"

ተነሥተው ያዙልኝ። እሳቸው ከወዲህ ከተረፈው ዛፍ ሥር ቆሙ፤ እኔ ወደ ወዲያኛው መዘርጋት ጀመርኩ። ሜትሬ ባለቀ ቁጥር ያለቀበትን ቦታ በጣታቸው እያስያዝኩ፣ ከጉቶ ጉቶ እየዘለልን፣ የዳሱን መሐል በቅጠሉ ላይ አልፈን ወጣን። ወገባቸው ስለማይታጠፍ በየጊዜው በእንብርክክ ይወርዳሉ። ጎረቤቴ ከኋላ ከኋላ እየመጣች በጣቷ ትቆጥራለች። ማዶ ካለው ዛፍ ሥር ስንደርስ ቆምን።

"ስንት ሆነ?" አሉኝ ሽማግሌው።

"ዘጠኝ" አለች ጎረቤቴ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ትንሽ ይሁን ብዙ ሊያውቁት አልቻሉም። የሜትሩን ጫፍ አልለቀቁትም ነበር።

"አምናስ ስንት ነበር?"

ጎረቤቴም ወደ እኔ ዞረች። ጎረምሶቹም ቀርበው ነበር።

"አምና አንድ አይሞላም ነበር" አልኳቸው። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።